የፍሬዲ ሜርኩሪን የሕይወት ታሪክ አንብበን ለምን ቅር ይለናል?

አንድ መጽሐፍ ገዛሁ። የኩዊን ባንድ ድምፃዊ ስለነበረው ስለ ፍሬዲ ሜርኩሪ ነው። ከአራት መቶ ገጽ በላይ አለው። ሽፋኑ ላይ ፍሬዲ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። "በቃ፣ ይሄን ሰውዬ ላውቀው ነው" አልኩ። አምስት ሌሊት ፈጀብኝ። ስጨርሰው ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ቅሬታ ነው።

ስለ ድግሶቹ ብዙ አወቅኩ። ስለ ድመቶቹም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ከቤቱ እንደተባረረ አወቅኩ። የመጨረሻ ሳምንታቱማ ቀን በቀን ተተርከውልኛል። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ግን አላወቅኩም። መጽሐፉን የገዛሁት ደግሞ ለዚያ ነበር።

ለጓደኞቼ ሳወራ ያው ቅሬታ እነሱም ጋ አለ። አንዱ ስለ ቢትልስ ባንዱ ጆን ሌነን ያነበበው መጽሐፍ አናዶታል። አንዷ ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ የጀመረችውን መሃል ላይ ትታዋለች። ከዚያ በኋላ እነዚህ መጻሕፍት እንዴት እንደሚሠሩ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ጸሐፊ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ችግር አይደለም። ሕግ አለበት፣ ገንዘብ አለበት፣ የሰው ትዝታ አለበት። ያገኘሁትን በቀላሉ ላስረዳ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ብዙ ኢትዮጵያዊ ፍሬዲን የሚያውቀው በአንድ ቀን ነው። ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.። ላይቭ ኤድ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተራበው ወገናችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ 72 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኩዊን መድረክ ላይ የቆዩት 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ፍሬዲ ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ በድምፁ ብቻ "ኤ-ኦ" እያለ ስታዲየሙን ሙሉ አስከትሎ አዘፈነው። እስከ ዛሬ ሳየው ይነዝረኛል። ታዲያ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ የሚከፍት አንባቢ የሚፈልገው ያንን 20 ደቂቃ የሚያስረዳለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይሠራል?

መልሱን ፍለጋ ወደ ልጅነቱ መሄድ የግድ ነው። ልጅነቱ ደግሞ ለኛ ቅርብ ነው፤ ምሥራቅ አፍሪካ። በ1946 ዛንዚባር ውስጥ፣ ስቶን ታውን በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ፋሩክ ቡልሳራ ነው። ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ ፓርሲዎች ናቸው፤ የዞራስተር እምነት ተከታዮች። አባቱ ለእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት በገንዘብ ያዥነት ይሠሩ ነበር። ልጁን ስምንት ዓመት ገደማ ሲሞላው ባሕር አሻግረው ሕንድ ላኩት፤ ፓንችጋኒ የምትባል ከተማ ውስጥ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት። ፒያኖ የተማረው እዚያ ነው። የትምህርት ቤቱ መዘምራን ውስጥ ገባ። ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ። በ1963 ወደ ዛንዚባር ተመለሰ። በጃንዋሪ 1964 አብዮት ፈነዳ። ቤተሰቡ የሚችለውን ይዞ ወደ እንግሊዝ ሸሸ፤ ለንደን አጠገብ ፌልተም የምትባል ቦታ ሰፈረ። ፍሬዲ ያኔ 17 ዓመቱ ነው።

እስቲ አስቡት። ስምንት ዓመት ገደማ ያለው ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ባሕር ማዶ ያድራል። 17 ዓመት ሲሞላው ደግሞ አገሩን ያጣል። የሰደደን፣ የተሰደደን ሰው የምናውቅ ሁሉ ይሄ በሰው ውስጥ ምን እንደሚተው እናውቃለን። ብዙዎቹ መጻሕፍት ግን ይህን በሩጫ ያልፉታል። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ለንደን ገብተን ቁጭ ብለናል።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ጸሐፊው ያለበት ቦታ ነው። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። የሚኖረው ለንደን ነው። ስለ ፍሬዲ የተጻፈው ጋዜጣ፣ አብረውት የሠሩት ሰዎች፣ የተዝናናባቸው ቤቶች፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ዛንዚባርና ፓንችጋኒ ሄዶ ወራት መቀመጥ፣ ስዋሂሊም ጉጃራቲም የሚያስተረጉም ሰው መቅጠር ብር ይጠይቃል። አሳታሚው ደግሞ ቀነ ገደብ አለው፤ ብዙ ጊዜም መጽሐፉ የሙት ዓመት ወይ የልደት በዓል ላይ እንዲደርስለት ይፈልጋል። ስለዚህ ጸሐፊው እጁ የሚደርስበትን ይሰበስባል። ስለ 1980ዎቹ ድግስ የሚያወራ አሥር ሰው በአንድ ሳምንት ይገኛል። በ1958 ፓንችጋኒ ውስጥ ፒያኖ ስላስተማረችው ሴት የሚያወራ ሰው ማግኘት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ባለታሪኩ ራሱም አልረዳቸውም። ፍሬዲ ስለ ግል ሕይወቱ መናገር አይወድም ነበር። ቃለ መጠይቅ የሰጠው ጥቂት ነው፤ በሰጠውም ላይ ስለ ዛንዚባር ሲነሳ ወሬውን ወደ ሌላ ይወስደዋል። ግለ ታሪክም አልጻፈም። ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ኤድስ እንዳለበት ለሕዝብ አሳወቀ፤ በማግስቱ ሞተ። 45 ዓመቱ ነበር። አንድ ሰው ራሱን ይህን ያህል ዘግቶ ከሄደ የሚተርፈው የሌሎች አፍ ነው።

እዚህ ላይ የለቅሶ ቤትን አስቡ። ሟቹ ትልቅ ሰው ከሆነ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ የቅርብ ወዳጅ ይበዛል። "ለኔ ብቻ የነገረኝ ነገር ነበር" የሚል ሰው ከየማዕዘኑ ይነሳል። ሁሉም ውሸታም ስለሆነ እንዲህ አይልም። ሐዘኑ ራሱ ሰውን ወደ ሟቹ ያስጠጋዋል፤ ትዝታው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያድጋል። በእውነት የሚያውቀው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ማለት ድንኳኑ ውስጥ ደብተር ይዞ የገባ እንግዳ ነው። የሚጽፈው ከሚናገሩት ነው፤ ዝም ያሉትን ሊጽፍ አይችልም።

ለዚህ ነው መጻሕፍቱ እርስ በርስ የሚጋጩት። ፍሬዲ መታመሙን መቼ አወቀ የሚለውን ብቻ ብንወስድ ብዙ ያሳያል። አብሮት ይኖር የነበረው ጂም ኸተን በ1994 ባሳተመው ትዝታው ላይ 1987 ነው ይላል። በ2018 የወጣው፣ አራት ኦስካር ያገኘው "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" የተባለው ፊልም ግን ፍሬዲ ለላይቭ ኤድ ሲዘጋጁ ለባንዱ አባላት መታመሙን ሲነግራቸው ያሳያል። ሁለት ዓመት ወደኋላ ተጎተተ ማለት ነው። ፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለዚያ ቀን እንደተሰባሰበም አድርጎ ያቀርባል። ዳሩ ግን ኩዊን በሜይ 1985፣ ከላይቭ ኤድ ሁለት ወር በፊት፣ ጃፓን ውስጥ አብረው መድረክ ላይ ነበሩ። ታሪኩ እንዲያስለቅስ ተብሎ ቀኑ ተቀየረ። እኔን ይሄ ያናድደኛል። ያ 20 ደቂቃ ማንም ቅመም ሳይጨምርበት ያስለቅስ ነበር።

ከዚህ ጋር "የተፈቀደ" እና "ያልተፈቀደ" የሚባለውን ልዩነት ማወቅ ጥሩ ነው። የተፈቀደ የሕይወት ታሪክ ማለት ቤተሰቡ ወይም ባንዱ ተስማምቶ፣ ደብዳቤና ፎቶ ከፍቶ፣ ወዳጆችን "አናግሩት" ብሎ የሚሠራ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጸሐፊው ጓዳ ድረስ ይገባል። ዋጋው ግን አለ። በር የከፈተልህን ሰው ማስቀየም ይከብዳል። ያልተፈቀደው ደግሞ ማንንም አያፍርም፤ ነገር ግን ደጅ ላይ ቆሞ በመስኮት ነው የሚያየው። የቆየ ጋዜጣ፣ የተባረረ ሠራተኛ፣ የተቀየመ ጓደኛ ይሰበስባል። አንባቢው ከሁለቱ የትኛውን እንደያዘ ካላወቀ መከፋቱ አይቀርም። ከመጀመሪያው ድፍረት ይጠብቃል፣ ከሁለተኛው ቅርበት።

የተፈቀደ ታሪክ ምን እንደሚያስቀር በደንብ የገባኝ በሰን ሲቲ ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 1984 ኩዊን ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሰን ሲቲ በምትባል መዝናኛ ዘፈኑ። አፓርታይድ ነበር። ሰን ሲቲ ያለችው ቦፉታትስዋና በምትባለው፣ የነጮቹ መንግሥት "ነፃ አገር ናት" ብሎ በፈጠራት፣ ዓለም ግን ባልተቀበላት ቦታ ነው። የእንግሊዝ የሙዚቀኞች ማኅበር በገንዘብ ቀጣቸው። የተባበሩት መንግሥታት የባህል ማዕቀቡን ከጣሱት አርቲስቶች ጋር ስማቸውን መዘገበው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የማይክል በርክ የኮረም ዘገባ በቢቢሲ የታየው በዚያው ወር፣ ኦክቶበር 23 ነው። ያን ዘገባ ያየው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ነው ላይቭ ኤድን ያስነሳው። እንግዲህ አንድ ባንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰን ሲቲም ዌምብሌይም ቆመ። አፍሪካዊ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ይህ የታሪኩ ዋና መገናኛ ነው። አፍሪካ ውስጥ የተወለደው ልጅ ምን ተሰማው? የኩዊን አባላት የሆኑት ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር የተሳተፉበት ያ የ2018 ፊልም ውስጥ ሰን ሲቲ የለም። በብዙ መጻሕፍትም ውስጥ በጥቂት አንቀጽ ያልቃል። አንድን ሰው እየወደዱም እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ይቻላል። አድናቂ ሁልጊዜ ሙገሳ ብቻ ነው የሚፈልገው ብሎ ማሰብ አንባቢን መናቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በአሜሪካም በእንግሊዝም በመሠረቱ የሞተ ሰው ስሙ ጠፋ ተብሎ በስም ማጥፋት መክሰስ አይቻልም። መብቱ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እኛ ጋ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይባል ነበር። በነሱ አገር የማይከሰሰው ስለ ሙት የሚጽፈው ነው። ዝነኛው በሕይወት እያለ አሳታሚው እያንዳንዱን መስመር ለጠበቃ ያሳያል። ሲሞት ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል።

የዚህ ዝነኛ ምሳሌ ጆን ሌነን ነው። የተገደለው በዲሴምበር 1980 ነው። በ1988 አልበርት ጎልድማን የሚባል ጸሐፊ ስለ እሱ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ከሺህ በላይ ሰው አነጋግሬያለሁ አለ። የሣለው ሌነን በዕፅ የደቀቀ፣ ጨካኝና የተሰበረ ሰው ነው። አድናቂው ተንጫጫ። የሌነን የባንድ ጓደኛ የነበረው ፖል ማካርትኒ ሰው መጽሐፉን እንዳይገዛ ጠየቀ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት መጽሐፉን መርምሮ ስሕተቶቹን የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ አተመ። ቅሬታው የመጣው መጥፎ ነገር ስለተጻፈበት ብቻ አልነበረም። ሌነን ራሱ በሕይወት እያለ ስለ ጥፋቶቹ በግልጽ ተናግሯል። ሰውን ያስቆጣው ጸሐፊው ታሪኩን የሚጽፈውን ሰው የናቀ መምሰሉ ነው። አንባቢ ይህን ከሦስት ገጽ በኋላ ያሸታዋል። የሺህ ሰው ቃል ተሰብስቦ፣ የሚሰበስበው ልብ ከተጣመመ፣ የሚወጣው ሰው አይመስልም።

በፍሬዲም ላይ በሩ እንደተከፈተ ነው። በ2025 የወጣ አንድ መጽሐፍ ፍሬዲ በድብቅ የወለዳት ልጅ ነበረችው፣ 17 የማስታወሻ ደብተርም ትቶላታል አለ። የዕድሜ ልክ ወዳጁ ሜሪ ኦስቲን ስለዚህ ነገር የምታውቀው እንደሌለ ተናገረች። እንግዲህ አንባቢ ምን ያድርግ? መጽሐፉን ከፍቶ ደብተሮቹን ማየት አይችልም። የሚያምነው በጸሐፊው ቃል ነው፤ ጸሐፊውን ደግሞ አያውቀውም። እንዲህ ሲሆን የሚሰማው ድካም ከቅሬታዎቹ ሁሉ የባሰ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ የዘፈን ግጥም። ስለ ዘፋኝ የተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ዘፈኑ ለምን የለም? ግጥሙ የቅጂ መብት ስላለው ነው። ጥቂት መስመር ለመጥቀስ ጸሐፊው ከሙዚቃ አሳታሚው ፈቃድ ይጠይቃል፣ ይከፍላልም። ብዙ ጊዜ ክፍያው የሚወጣው ከራሱ ከጸሐፊው ኪስ ነው። የመብቱ ባለቤቶች መጽሐፉን ካልወደዱት "አይሆንም" ማለት ይችላሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ግጥሙን በራሱ ቃል ይዞርበታል፤ "ስለ ብቸኝነት የሚያወራ ዘፈን ነው" ብሎ ያልፋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይሄ እርቃኑን የቀረ ነገር ነው። እኛ አንድ ስንኝ ይዘን ማታ ሙሉ ስንከራከር የምናድር ሰዎች ነን።

ግጥሙን መጥቀስ ባይችል እንኳ ሥራውን ማሳየት ግን ይችላል። "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" በ1975 እንዴት እንደተቀረፀ መናገር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚረዝም ዘፈን ነው። ቀረፃው የተጀመረው ዌልስ ውስጥ ሮክፊልድ በሚባል የገጠር ስቱዲዮ ነው። የኦፔራው ክፍል ብቻ ሳምንታት ወሰደ። ያኔ ኮምፒውተር የለም። ፍሬዲ፣ ብራያንና ሮጀር ድምፃቸውን እየደጋገሙ ይቀርፃሉ፤ ቴፑ 24 መስመር ብቻ ስላለው የተቀረፀውን አንድ ላይ ጨምቀው በላዩ እንደገና ይዘፍናሉ። ሦስት ሰው እንደ ትልቅ የመዘምራን ቡድን እስኪሰማ ድረስ። ብራያን ሜይ እንደሚተርከው ቴፑ ከመመላለሱ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ ይመታል። በገዛሁት መጽሐፍ ውስጥ ይህ ታሪክ አንድ ገጽ አልሞላም። አንድ የልደት ድግስ ግን ስምንት ገጽ ነበረው።

ለጸሐፊዎቹ ፍትሐዊ ልሁን። ያላዩት ብዙ ነገር ነበር። ፍሬዲ ጋርደን ሎጅ የሚባለውን የለንደን ቤቱን ለሜሪ ኦስቲን አወረሳት። ውስጡ ያለው ዕቃ ከ30 ዓመት በላይ ተዘግቶበት ቆየ። በ2023 ሶዝቢስ አጫራች ድርጅት ዕቃዎቹን ለጨረታ አወጣቸው። ከመሃላቸው በእጅ የተጻፈ የ"ቦሄሚያን ራፕሶዲ" ረቂቅ ወጣ። የተጻፈው የአንድ አየር መንገድ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ነው። አናቱ ላይ "ሞንጎሊያን ራፕሶዲ" ይላል፤ "ሞንጎሊያን" ተሰርዞ በላዩ "ቦሄሚያን" ተጽፏል። ረቂቁ 1.4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። ከዚያ በፊት የታተመ የሕይወት ታሪክ ሁሉ የተጻፈው ያን ወረቀት ሳያይ ነው። አንዲት ስርዝ ቃል ስለ ሰውየው አእምሮ የምትነግረንን ያህል አሥር የድግስ ታሪክ አይነግረንም።

በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያሳየኝ የኤልቪስ ታሪክ ነው። ፒተር ጉራልኒክ ስለ ኤልቪስ የጻፈው በሁለት ቅጽ ነው፤ አንዱ በ1994፣ ሌላው በ1999 ወጣ። የመጀመሪያው ቅጽ ሙሉውን የሚያወራው እስከ 1958 ስላለው ወጣት ነው። እናቱ ሞተው ለውትድርና ወደ ጀርመን ሲሄድ ያበቃል። ጁላይ 1954 ሜምፊስ ውስጥ ያችን የመጀመሪያ ዘፈን የቀረፁባት ማታ ሲደርስ ጸሐፊው አይቸኩልም። ልጆቹ ሲሞክሩ አምሽተው አልሆነላቸውም። እረፍት ላይ ኤልቪስ እንደ ቀልድ አንድ የቆየ ዘፈን ይጀምራል፤ አብረውት የሚጫወቱት ሁለት ሙዚቀኞች ይከተሉታል፤ የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ አንገቱን ብቅ አድርጎ እንዲደግሙት ይነግራቸዋል። አንባቢው እዚያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ይላል። ያ መጽሐፍም ሁሉን ነገር አይመልስም፤ ሲጨርሱት ግን ጊዜዬን ተበላሁ አያሰኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የራሴንም ቅሬታ ለሁለት ከፈልኩት። ልጅነቱና ሥራው በመታለፉ መከፋቴ ልክ ነው፤ አልመለስበትም። የፍሬዲን ልብ እስከ ሥሩ አለማወቄ ግን የጸሐፊው ጥፋት አይደለም። አስከሬኑ በዞራስተር ቀሳውስት ጸሎት ተሸኝቶ ተቃጠለ። አመዱን የት እንደሚያኖሩት ለሜሪ ብቻ ነበር አደራ ያለው። ሜሪ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ጋዜጠኛ ስንት ጊዜ ጠይቋታል። እዚህ ቦታ ላይ መጽሐፉ ዝም ሲል ከመናደድ ይልቅ ደስ አለኝ፤ አደራ በልቶ የሚገኝ ገጽ አልፈልግም።

አሁን አዲስ መጽሐፍ ሳገኝ ከመክፈሌ በፊት ቆሜ አገላብጠዋለሁ። ከኋላው ጸሐፊው እያንዳንዱን ነገር ከየት እንዳገኘው የሚናገርበት ክፍል አለ ወይ? ሰውየው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው 20 ዓመት የሚሞላው? ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ጊዜ እንገባለን? ከዚያ ዛንዚባርንና ፓንችጋኒን ፈልጌ ገጹን እቆጥራለሁ። ያ አምስት ሌሊት የፈጀብኝ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም ተደምረው ዘጠኝ ገጽ ነበሩ።